ኡቡንቱ በእሪ በከንቱ

አዲስ አበባ፣ እሪ በከንቱ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ኮምፒውተር የሚመዘነው በሦስት ጥያቄ ነበር። ዘፈን ያጫውታል? የአማርኛ ፊልም ይከፍታል? ካውንተር የተባለውን ጌም ያስኬዳል? ስለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነት ወይም ስለ ሃርድ ዲስኩ ስፋት የሚጠይቅ እምብዛም አልነበረም። ሦስቱን ያለፈ ኮምፒውተር የግቢው ሁሉ ይሆናል፤ ያላለፈው፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ዳንቴል ለብሶ ጥግ ይይዛል። ነፃ ሶፍትዌር ወደ ሰፈራችን ሲመጣም የጠበቀው ይኸው ፈተና ነው። ሌላ ቦታ ሰዎች ስለ ፈቃዱና ስለ ኮዱ ክፍትነት ይከራከሩ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ገና ከበር ሳይገባ "ማህሙድን ያዘፍናል ወይ?" ተባለ። ዛሬም ድረስ ከዚያ የተሻለ ጥያቄ አልሰማሁም።

የኡቡንቱ ሲዲ የመጣው በሚሌኒየሙ ዓመት፣ በ2000 ዓ.ም. ክረምት ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ ያቋቋመው ካኖኒካል የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ኡቡንቱን፣ በሊኑክስ ላይ የቆመውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በየስድስት ወሩ እያደሰ ያወጣ ነበር። ለጠየቀ ሁሉ ደግሞ ሲዲውን በነፃ፣ የፖስታውንም ወጪ ራሱ ችሎ፣ ወደየትም አገር ይልክ ነበር። ይህ ልግስና እ.ኤ.አ. በ2011 እስኪቆም ድረስ ከአዲስ አበባ ለማዘዝ የሚያስፈልገው ስምና የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ ነበር። በእኛ ግቢ የፖስታ ሣጥን ያለው ሰው ስላልነበረ የጓደኛዬ ታላቅ ወንድም የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት ቁጥር ሰጠን። ሳምንታት አለፉና አንድ ቀን ወንድምየው ከሥራ ሲመለስ በወረቀት ሽፋን የተጠቀለሉ ሲዲዎች ይዞ መጣ። ከተገለበጠ ዊንዶውስ በቀር ሌላ ለማያውቅ የሰፈር ልጅ፣ ባለቤቱ ራሱ "ውሰድ፣ ገልብጥ፣ ለሌላም ስጥ" ብሎ የላከው ሶፍትዌር እጅግ የሚያስገርም ነገር ነበር።

ኮምፒውተራችን ያገለገለ ፔንቲየም 4 ነው። ሲዲውን ከትቶ፣ ምንም ሳይጭኑ፣ ከሲዲው ላይ ብቻ አስነሥቶ መሞከር ይቻላል። አስነሣነው። በሲዲው ውስጥ ምሳሌ የሚሆኑ ፋይሎች የተቀመጡበት ፎልደር ነበር፤ እዚያ ውስጥ አንድ አጭር ቪዲዮ አለ። ኔልሰን ማንዴላ ናቸው። ኡቡንቱ ስለሚባለው የአፍሪካ አስተሳሰብ፣ መንገደኛ መንደር ሲደርስ ሳይለምን እህልና ውሃ ስለሚቀርብለት ባህል ይናገራሉ። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ጡረታ የወጡ አዛውንት፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ከኋላችን ቆመው አዩና "እኚህ ሰውዬኮ እዚሁ ኮልፌ ነው ወታደርነት የተማሩት፤ በ1954" አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ማንዴላ በዚያ ዓመት በኮልፌ የፖሊስ ሠራዊት ዘንድ ሠልጥነዋል። ስለዚህ ኡቡንቱ በእኛ ግቢ ገና በመጀመሪያው ቀን ዘመድ ሆነ።

ከዚያ የማህሙድን ዘፈን ከፈትን። አልተከፈተም። ለዚህ ፋይል የሚሆን ኮዴክ የለም፣ ኢንተርኔት ላይ ልፈልግ ወይ የሚል ሣጥን ብቅ አለ። ኢንተርኔት የለንም። ሌላ ዘፈን ሞከርን፤ ያው ሣጥን። የማንዴላ ቪዲዮ ሲሄድ የማህሙድ ድምፅ ለምን እንደማይሄድ የሚያስረዳን ሰው አልነበረም። የገባን ኋላ ነው። ዘፈኖቹ የተቀመጡበት ኤምፒ3 የሚባለው ቅርጸት በጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋምና በባልደረቦቹ ፓተንት የተያዘ ነበር። ፓተንቱ በሚጸናባቸው አገሮች፣ በተለይም በአሜሪካ፣ ዘፈኑን የሚፈታውን ሶፍትዌር፣ ማለትም ኮዴኩን፣ የሚያድል ሁሉ መክፈል ነበረበት። በነፃ የሚታደል ሲዲ ደግሞ በእያንዳንዱ ቅጂ ሊከፍል አይችልም። ስለዚህ ሲዲው የፓተንት ክፍያ የማይጠየቅባቸውን ኦግ ቮርቢስንና ቲዮራን ብቻ ይዞ መጣ። የማንዴላ ቪዲዮ የተከፈተው በዚያ ቅርጸት ስለተሠራ ነው። በእሪ በከንቱ ግን የኦግ ዘፈን ያለው ሰው አልነበረም። የማህሙድ ሙዚቃ ቤት ከግቢያችን በእግር የሚደረስበት ፒያሳ ላይ ነበር፤ ዘፈኑ ግን በሌላ አገር የፓተንት ሕግ ምክንያት እኛ ቤት አይከፈትም ነበር። ይህ ነገር ያኔም ቆርቁሮኛል፣ አሁንም ይቆረቁረኛል።

ያኔ በየቤቱ የነበሩት ኤምፒ3ዎች አብዛኞቹ ከካሴትና ከሲዲ የተገለበጡ፣ ለዘፋኙ አንድ ሳንቲም ያልገባባቸው እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ በሰፈር ደረጃ ግን ብዙም አልተሰማም። የሙዚቀኞቹ ብሶት ትክክል ነበር። የኮዴኩ ነገር ግን ከእነሱ መብት ጋር አይገናኝም፤ ማህሙድ ከዚያ ክፍያ የሚደርሰው ነገር አልነበረውም።

መፍትሔው ዳገቱን ወጥቶ ፒያሳ ኢንተርኔት ካፌ መግባት ነበር። እዚያ የሚከፈለው በደቂቃ ነበር፤ መስመሩም ቀርፋፋ ነበር። አንዱን ፓኬጅ አውርደን በፍላሽ ይዘን እንመለሳለን፤ ስንጭነው ሌላ ፓኬጅ ይጠይቃል። የጠየቀውን ስም ወረቀት ላይ ጽፈን እንደገና እንወጣለን፤ ያኛውም ሌላ ይጠይቃል። ጂስትሪመር የሚባለው የሙዚቃና የቪዲዮ መሣሪያ ለብቻው "አግሊ" እና "ባድ" ተብለው የተሰየሙ ተጨማሪዎችን ይፈልግ ነበር፤ ቪኤልሲ ደግሞ የራሱ ረጅም ዝርዝር ነበረው። ቪኤልሲ ፓሪስ አጠገብ በነበረ የምህንድስና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1996 የተማሪዎች ሥራ ሆኖ የተጀመረ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያኔ ለእኔ ብርቱካናማ የመንገድ ምልክት ያለው፣ ሁሉን የሚከፍት ነገር ብቻ ነበር። ዝርዝሩ ሲሟላ ሁሉንም በአንድ ሲዲ ላይ ገለበጥነው፤ ላዩ ላይ በማርከር "ኮዴክ" ብለን ጻፍንበት።

የዚያ ሲዲ ነገር ነው ዛሬ በብዛት የሚታወሰኝ። ኡቡንቱን የሠሩት ሰዎች የጎደለው ሁሉ ከኢንተርኔት ማከማቻ ይወርዳል ብለው አስበው ነበር፤ ለእነሱ አገር ልክ ነው። በእሪ በከንቱ ማከማቻው ያ ሲዲ ነበር። ከግቢ ግቢ ይዞራል፣ ይጫራል፣ ሌላ ይገለበጣል፣ ወደ ሠራተኛ ሠፈር ይሻገራል፣ ዶሮ ማነቂያ ደርሶ ይመለሳል። አንዱ ልጅ አዲስ ነገር ካገኘ ይጨምርበታል። አንድ ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱ የጫነ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው "ኮዴኩ ማን ጋ ነው?" ነበር፤ ሁልጊዜም የሚያውቅ ሰው ይኖራል።

የአማርኛ ፊልም ግን ሌላ ጣጣ ነበረው። ያኔ ፊልሙም፣ ክሊፑም፣ የሰርጉም ቀረጻ የሚመጣው በቪሲዲ ነው። አንድ ዲስክ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ቪዲዮ ብቻ ስለሚይዝ ፊልም በሁለት ዲስክ ይሸጣል፤ ሁለተኛውን ጎረቤት ተውሶ ካልመለሰ የፊልሙ መጨረሻ እሱ ቤት ቀረ ማለት ነው። ቪሲዲው ላይ ያለው ምስል ኤምፔግ 1 የሚባለው አሮጌ ቅርጸት ነው፤ ኮዴክ ካለ ኡቡንቱ ያለ ችግር ያሳየዋል። ችግሩ ዲስኩን ማንበቡ ላይ ነበር። ዲስኩን ስንከፍት ፎልደሮቹ ይታያሉ፤ የቪዲዮው ፋይልም በስሙና በመጠኑ ቁጭ ብሏል። ዴስክቶፑ ላይ ልንገለብጠው ስንል ግን "ማንበብ አልተቻለም" ይላል። ያንኑ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ስንከት ይገለበጣል። በሰፈሩ ሁሉ "ኡቡንቱ የአማርኛ ፊልም አይወድም" ተብሎ ተወራ።

ምክንያቱ ከአማርኛ ጋር አይገናኝም። ሲዲ የሚነበበው በትንንሽ ክፍልፋዮች ነው። ተራ የዳታ ሲዲ በእያንዳንዱ ክፍልፋይ 2048 ባይት ይይዛል፤ የቀረው ቦታ በአብዛኛው ዲስኩ ሲጫር ስህተት ለማረም የተተወ ነው። ቪሲዲን የቀየሱት መሐንዲሶች ግን ብዙ ደቂቃ ለማስገባት ሲሉ ለቪዲዮው ክፍል ያንን ማረሚያ ትተው ቦታውን ለምስል አዋሉት፤ እያንዳንዱ ክፍልፋይ 2324 ባይት ምስል ያዘ። የሊኑክስ ከርነል ዲስኩን እንደ ፋይል ማስቀመጫ ሲከፍተው የሚጠብቀው 2048 ነው፤ ያልጠበቀው ዓይነት ሲገጥመው ያቆማል። ዊንዶውስ ደግሞ ያንን ልዩነት ከጀርባ አስተካክሎ ተራ ፋይል አስመስሎ ያቀርበዋል። በሊኑክስ መንገዱ ፋይሉን መንካት ትቶ አጫዋቹን በቀጥታ ወደ ዲስኩ ትራክ መላክ ነው። ኤምፕሌየር በሚባለው አጫዋች ላይ ትራክ 2ን አጫውት ብሎ ማዘዝ ብቻ ይበቃል፤ ትራክ 1 የዲስኩ ማውጫ ስለሆነ ፊልሙ የሚጀምረው ከ2 ነው። ይህንን አንድ መስመር ያወቅን ቀን የተሰማኝ ደስታ ቀላል አልነበረም። ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ ጻፍነው፤ ጓደኛዬ ቤት ኮምፒውተሩ ከተሸጠ በኋላ እንኳ ጽሑፉ እዚያው ነበር።

ሰፈሩ ኡቡንቱን የተቀበለው ግን በዘፈንም በፊልምም ሳይሆን በፍላሽ ቫይረስ ነው። ያኔ ፍላሽ ወደ ኮፒ ቤት ወይም ወደ ኢንተርኔት ካፌ ሄዶ በደህና አይመለስም። ፎልደሮቹ ይሰወራሉ፣ በቦታቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው አታላይ ፋይሎች ይተካሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የልጅ ክርስትና ፎቶ ጠፋ ብሎ የሚያለቅስ ሰው ብዙ ነበር። ለዊንዶውስ የተሠራ ቫይረስ ኡቡንቱ ላይ አይነሣም፤ የተሰወሩት ፎልደሮችም ወለል ብለው ይታያሉ። አታላዮቹን ማጥፋት፣ ፎቶውን መመለስ ነው። ከሰፈሩ ሴቶች "የዚያን ልጅ ኮምፒውተር ቫይረስ አይነካውም" የሚል ወሬ ወጣና ፍላሽ በየቀኑ ይመጣ ጀመር። ቀስ በቀስ ቫይረስ የሰለቸው ሁሉ "ለእኔም ጫንልኝ" አለ። ከዚያ በኋላ የመጣው የታወቀ ነው፤ ዘፈኑስ?

ለዚህ ጥያቄ በጣም የከበደው መልስ በ2001 ዓ.ም. ፋሲካ መጣ። ጎረቤታችን የነበሩት፣ እማማ የምንላቸው፣ የልጆቻቸው ኮምፒውተር በሕማማት ሳምንት በቫይረስ ተበላሽቶ ፎርማት ተደርጎ ኡቡንቱ ተጭኖበት ነበር። በዓሉ ደርሶ ማንም ኮዴኩን አልጨመረበትም። የፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 11 ቀን ማታ፣ ዘፋኙ ጥላሁን ገሠሠ አረፈ። ወሬው ሌሊቱን ተሰማ፤ ሲነጋ ግቢው በሙሉ ውጭ ነበር። ሴቶቹ ለበዓል የለበሱትን ቀሚስ አልቀየሩም፤ ነጠላቸውን ግን አዘቅዝቀዋል። የጥላሁን ዘፈኖች በሙሉ ያሉት ደግሞ በእማማ ልጆች ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ከሃርድ ዲስኩ አንዱ ክፍል ሳይነካ ተርፏል፤ ፋይሎቹ ስማቸው ተጽፎ ይታያል፤ ግን አይከፈቱም። ራዲዮው እያቋረጠ ያሰማል፤ ሰው ግን ራሱ መርጦ መስማት ፈልጓል።

በበዓል ማግሥት የተከፈተ ኢንተርኔት ካፌ አልነበረም። ኮዴኩ ማን ጋ ነው ተባለ። የመጨረሻ የወሰደው ሠራተኛ ሠፈር ያለ ልጅ ነው። ታናናሾቹ ሮጡ። እኛ እስኪመለሱ የቴፑን ድምፅ ማጉያ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘን። እማማ በር ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው "ይሄ ፈረንጅ የሠራው ነገር እንዴት ጥላሁንን አላወቀውም?" አሉ። ለቅሶ ስለነበር አልሳቅንም፤ ጥያቄውም የሚያስቅ አልነበረም። ሲዲው መጣ፤ ተጭሯል፣ አንድ ሁለት ፓኬጅ አላነበበም፤ ኤምፒ3 የሚፈታው ግን ደህና ነበር። ጥቁሩን መስኮት ከፍተን ትእዛዙን ጻፍን። ስሞቹ በየተራ አለፉ። ከዚያ የጥላሁን ድምፅ ወጣ። እስከ ማታ አልቆመም፤ መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል፣ ሲመጣ ይቀጥላል። የአካባቢው ሰው ፍላሽ ይዞ እየመጣ ወሰደ። ቀብሩ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እስኪፈጸም ድረስ ያ ኮምፒውተር ሌላ ሥራ አልሠራም።

የፓተንት ጉዳይ ሲነሣ ሁሌ የማስበው ያንን ዕለት ነው። የኤምፒ3 ፓተንቶች ዘመናቸው አልፎ ፍራውንሆፈር የፈቃድ ሽያጩን የዘጋው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 ነው፤ ዛሬ ማንኛውም የሊኑክስ ሲዲ ኤምፒ3 ይዞ ሊመጣ ይችላል። ነገሩ ቴክኒካዊ ችግር ሆኖ አያውቅም ነበር። ዘፈኑን የሚፈታው ኮድ ከመጀመሪያውም ተጽፎ፣ ክፍት ሆኖ ነበር። ከእኛ የራቀው ማንም ስለ እሪ በከንቱ ሳያስብ በተጻፈ ወረቀት ምክንያት ነው።

ፊደላችንን በተመለከተ ግን ለኡቡንቱ ምስጋና ይገባዋል። ያኔ በሰፈሩ ሁሉ የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ የግዕዝ ፊደል ይዞ አልመጣም፤ ሌላ ሶፍትዌር ገዝቶ ወይም ገልብጦ መጫን ያስፈልጋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ ሳለ ማለት ነው። ኡቡንቱ ላይ ግን በአብዛኞቹ የጽሑፍ ሣጥኖች ውስጥ የማውሱን የቀኝ አዝራር ተጭኖ የአጻጻፍ ዘዴ የሚለውን ሲመርጡ ከዝርዝሩ ከላይ "አማርኛ" ይገኝ ነበር፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ትግርኛ፣ የኤርትራውም የኢትዮጵያውም። ብራዚል ወይም ጃፓን ያለ ሰው ኮምፒውተር ላይም ያው ዝርዝር ነበር። እዚያ ያስገባው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም አክብሬዋለሁ። "ትራክ 01" ይባሉ የነበሩ ዘፈኖችን ሁሉ በአማርኛ ስም ሰየምናቸው፤ የክራሩ ለብቻ፣ የባንዱ ለብቻ።

ጌም ላይ ግን ሽንፈት ነበር፤ ቢያንስ ለብዙ ዓመት። ከፒያሳ ወረድ ብሎ አንድ ጌም ቤት ነበር፤ ኮምፒውተሮቹ በኬብል ተያይዘው ልጆች በሰዓት እየከፈሉ ካውንተር ስትራይክ የሚጫወቱበት። ባለቤቱን "ወንድምዓለም፣ ኡቡንቱ ብትጭንበት ቫይረስ አያስቸግርህም" አልኩት። "አንተ ልጅ፣" አለኝ፣ "ሰው የሚከፍለኝ ጌም ሊጫወት ነው። ካውንተር ካስኬደልኝ ነገውኑ እጭነዋለሁ።" ቃሉን ጠብቆ አንዱን ኮምፒውተር ሰጠኝ።

መንገዱ ዋይን የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ለዊንዶውስ የተጻፈ ጌም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የሚጠይቃቸውን ነገሮች እየተቀበለ ሊኑክስ በሚገባው መልክ ያቀርባቸዋል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀምሮ 1.0 የተባለውን ቅጂ ያወጣው በሰኔ 2008 ነው፤ እኛ ጋ ሲዲው በደረሰበት ወቅት ማለት ነው። ካውንተር 1.6 ሄደ! ምክንያት ነበረው፤ ጌሙ የተሠራበት ሞተር ኦፕን ጂኤል በሚባለው፣ ሊኑክስም በራሱ በሚናገረው የሥዕል መንገድ መሥራት ይችላል። ስለዚህ ዋይን ብዙ መተርጎም አይጠበቅበትም። ሳን አንድሪያስ የተባለው ጌም ግን የዊንዶውስ ብቻ በሆነው ዳይሬክት ኤክስ ላይ የቆመ ነበር፤ እያንዳንዷ ሥዕል ተተርጉማ እስክትደርስ የእኛ ዓይነት የግራፊክስ ካርድ የሌለው ፔንቲየም ይደክማል። ዲስኩ እንዳይገለበጥ የተከሉበት መከላከያም ዋይንን ያምታታል። የእግር ኳሱ ጌም ፊፋ ጨርሶ አልተነሣም። ባለቤቱ ካውንተሩን ወደደው፤ ግን ልጆቹ ከካውንተር ቀጥለው የሚጠይቁት ፊፋ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ወደ ዊንዶውስ ተመለሰ። እውነቱ ከእሱ ጋር ነበር።

ቤት ውስጥ ኦፕን አሬናን ተጫወትን። ኩዌክ 3 የተባለው ጌም ሞተሩ እ.ኤ.አ. በ2005 ክፍት ኮድ ሆኖ ሲለቀቅ በእሱ ላይ የተሠራ ጌም ነው፤ ሁለት ኮምፒውተር በአንድ ኬብል አገናኝቶ፣ ክራክ ሳይፈልጉ፣ ሰርቀው ሳይሆን ተሰጥቷቸው መጫወት ይቻላል። ያ "ተሰጥቷቸው" የሚለው ስሜት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። የሰፈሩ ልጆች ግን ጓደኞቻቸው የሚያወሩትን ጌም መጫወት ይፈልጋሉ፤ ጌም ለብቻ አይጣፍጥም።

ካውንተር 1.6 የራሱ የሊኑክስ ቅጂ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ፣ ስቲም የተባለው የጌም መደብር ወደ ሊኑክስ ሲገባ ነው። ያኔ ደግሞ ሌላ በር ተዘጋብን፤ መደብሩ የሚቀበለው ዓለም አቀፍ ካርድ ነበር፤ የእኛ የባንክ ካርድ ከድንበር አይወጣም ነበር። አሜሪካ ወይም ጀርመን ዘመድ ያለው ገዛ፤ የሌለው ተመለከተ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ፕሮቶን ወጣ። በዋይን ላይ ተመሥርቶ፣ ዳይሬክት ኤክስን ቨልካን ወደሚባለው፣ ሊኑክስ ወደሚገባው የሥዕል መንገድ የሚተረጉም ክፍል ጨምሮ፣ በሺህ የሚቆጠሩ የዊንዶውስ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ ያለ ጣጣ ያስነሣል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በሊኑክስ የሚሠራ ስቲም ዴክ የሚባል የእጅ መጫወቻ ወጣ። የዚያ ጌም ቤት ባለቤት የጠየቀኝ ነገር ተመለሰ ማለት ነው፤ ከሞላ ጎደል። የፊፋ አዳዲሶቹ ዛሬም አይሄዱም። ማጭበርበርን ለመከላከል የተተከለባቸው ሶፍትዌር ወደ ዊንዶውስ ከርነል ድረስ ስለሚገባ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ አይነሣም። እንደ ኤምፒ3 ሁሉ እዚህም የጎደለው ችሎታ አይደለም፤ የጌሙ ባለቤቶች ፈቃድ ነው።

ሰፈሩ አሁን በነበረበት የለም። ሰው በየጊዜው በመልሶ ማልማት እየተነሣ ሄደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሱ። የአራዳ ሰው ዛሬ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ገላን ጉራ ተበትኗል። ሲነሡ ብዙ ዕቃ ይጣላል፤ የሰርግ ቪሲዲ ግን ማንም አይጥልም። በአሮጌ ቦርሳ ውስጥ፣ ከፎቶ አልበሙ ጋር፣ አብሮ ይሄዳል። ማጫወቻው ግን የለም። ዲቪዲ ማጫወቻው ተበላሽቷል፣ አዲሱ ላፕቶፕ የሲዲ ማስገቢያ የለውም፣ ስልክ ያንን ፋይል አያውቀውም። ያ ድንኳን የተተከለበት ግቢ፣ ሙሽራዋ የወጣችበት የቆርቆሮ በር፣ ሚዜዎቹ የጨፈሩበት ኮብልስቶን ያልደረሰበት መንገድ የቀረው እነዚያ ዲስኮች ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ላለፉት ዓመታት ዲስኮቹን እየሰበሰብኩ አነባለሁ። ያ ያስቸገረን የ2324 ባይት ነገር አሁን በደንብ ገብቶኛል። ተጨማሪው የስህተት ማረሚያ ስለሌለው ቪሲዲ ከተራ ዲስክ በፊት ይሞታል፤ መገልበጡ መዘግየት የለበትም። የግኑ ፕሮጀክት የሆነው ቪሲዲ ኢሜጀር ትራኩን በቀጥታ አውጥቶ ሳይነካ ያስቀምጠዋል፤ ከዊንዶውስ ቅጂ ይልቅ ይህን የምመርጠው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ከመካከል ወደ ጠርዝ መጥረግ፤ እንደ ክብ ከዞሩበት ጭረቱ ይብሳል። ድራይቩን ቀስ ብሎ እንዲዞር ማዘዝ። የወጣውን ኤምፔግ እንዳለ ማስቀመጥ፤ ለስልክ የሚሆነውን ከእሱ ላይ ለብቻ መሥራት፤ ዋናውን አለመሰረዝ። ሁለት ቦታ ማኖር፤ አንዱ ከቤት ውጭ፣ ዘመድ ጋ።

የእማማ ትልቋ ልጅ ሰርግ እጄ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዲስክ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ ለቤተሰቡ ሁሉ በቴሌግራም ተልኳል፤ እማማ የሌሉበት ነው፤ ካሜራው ገና ወደ ጓዳ አልገባም። ሁለተኛው ዲስክ፣ ማታ ላይ ወደ ጓዳ ገብቶ እሳቸውን የቀረጸበት፣ ጠርዙ ላይ ያለው ትራክ አልነበብ ብሏል። በሦስት ዓይነት ድራይቭ ሞከርኩት፤ አንዱ ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ ብሎ ሄዶ ቆመ፤ ድራይቭ ከድራይቭ የማንበብ አቅሙ ይለያያልና። አሮጌ፣ በአይዲኢ ኬብል የሚሠራ የሲዲ ማንበቢያ በመርካቶ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ከሚፈቱበት ቦታ እየፈለግኩ ነው። እቤቱ ያለው ሰው ቢኖር አይጣለው።